ወራጅ አለ!

«መኪና ሳትይዝ አዲስ አበባን እንዴት ትችላታለህ?» ይሉኛል። መልሴ ሰማያዊና ነጯ ሚኒባስ ናት። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ሲል ቀኔ ተጀመረ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንባላለን፤ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት እንሆናለን። ከኋላ የተላከ ብር በማይተዋወቁ እጆች ተቀባብሎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ሳይጎድል ይመለሳል። ይህን መተማመን የትኛውም የግል መኪና አይሰጥም።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች ያደርሳል፤ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሰፈር ጫፍ ላይ ዱብ ማለት ግን የታክሲ ወግ ነው። ክረምት ላይ ሰልፉ ያማርራል፤ አልክድም። ቢሆንም የነዳጅ፣ የጎማና የመኪና ማቆሚያ ሐሳብ የሌለበት ሰው ከተማዋን በመስኮት እያየ ቤቱ ይገባል።