የሚሳቅበት ሙት፣ የሚፈራ ጎረቤት

ሪኪ ላው እ.ኤ.አ. በ1985 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያዘጋጀው «ሚስተር ቫምፓየር» ለጎጃም ሰው እምብዛም ባዕድ አይደለም። ላም ቺንግ ዪንግ የሚጫወተው የታኦ ካህን ቢጫ ወረቀት ላይ ቃል ጽፎ በሙቱ ግንባር ይለጥፋል፤ ሙቱም ባለበት ይገተራል። የእኛም ደብተራ ብራና ላይ ጠልሰም ስሎ ክታብ ያስራል።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። ፊልሙ ሙቱን የጥንት ሹም ልብስ አልብሶ ያዘልለዋል፤ ተመልካቹም እየፈራ ይስቃል፤ የሚጎዳ ሕያው የለም። ቡዳ የሚለው ስም ግን የሚለጠፈው በሕያው ሰው ላይ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሲታሙበት ኖረዋል።

እናም ቀልዱን እንዳለ መቅዳት አይበጅም። በ«ቡዳው» ብንስቅ የምንስቀው በጎረቤታችን ነው። መሳቂያ መሆን ያለበትስ ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ተቀብሎ ዐይኑን የሚሸሸው ገበሬ ነው።