በስንቅ የበራ መብራት
«ዘ ማርሺያን» የተባለውን፣ በሪድሊ ስኮት አዘጋጅነት በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ፊልም የተመለከትኩት በናይሮቢ መሃል ከተማ ነው። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረው ጠፈርተኛ በዚያው አፈር ድንች አብቅሎ ነፍሱን ማቆየቱ ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ግን ከመሬት የተጫነ ስንቅ ነው፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹም፣ በፕሉቶኒየም የሚሠራው ማመንጫም። የማርስ አፈር ለፀሐይ ሰሌዳ መሥሪያ የሚሆን ሲሊከን እንዳለው ፊልሙ አያነሳም። የመክፈቻው አውሎ ነፋስም ተማሪን ያሳስታል፦ የማርስ አየር ግፊት የመሬትን አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ ነፋሱ ሰው የሚጥል ጉልበት የለውም።

ምድር የራሷን መብራት ስትሰጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ፊልሙን ያየሁባት ናይሮቢ ከ1981 ጀምሮ ከኦልካሪያ እንፋሎት ጭምር ኃይል ታገኛለች። ስለዚህ ፊልሙን የሚያሳይ መምህር ተማሪዎቹን «ጠፈርተኛው ስንቁ ቢያልቅበት ከማርስ ምን ያገኝ ነበር?» ብሎ ይጠይቃቸው።