«ፍጥነቱ ተሻሽሏል፤ ስሕተቱም ታርሟል»፦ በጃቫስክሪፕት ማስኬጃዎች የእትም መግለጫ ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አብራው የምትወጣ አጭር መግለጫ አለች። በመግለጫዋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍሎች ይገኛሉ፤ አንደኛው ፍጥነቱ ምን ያህል እንደ ተሻሻለ፣ ሁለተኛው ደግሞ የትኞቹ ስሕተቶች እንደ ታረሙ ይናገራል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍል በደስታ እናነበዋለን፤ ሁለተኛውን ግን ዓይናችንን ጣል አድርገንበት እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ ሁለቱን እንደማይገናኙ ነገሮች አድርጎ መጻፍም ሆነ ማንበብ አሳሳች መሆኑን ነው፤ ዛሬ በሁለተኛው ክፍል «ታረሙ» ከሚባሉት ስሕተቶች አያሌዎቹ ትናንት በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ እንደ ትርፍ ተቈጥረው የነበሩ ናቸውና። ለማስረጃ የመረጥነው ከጃቫስክሪፕት ማስኬጃዎች ሁሉ በሰፊው የሚሠራበትን ኖድን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፣ ትምህርታቸው በሌላ ክፍል ለሆነ ጓደኞቻችን ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ጃቫስክሪፕት በ1995 ብሬንደን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በዐሥር ቀን ያህል ጊዜ ያበጀው ቋንቋ ሲሆን፣ የታሰበውም በዋናው ለድረ ገጽ ማሳያ ነበር። ጉግል በ2008 ክሮምን ሲያወጣ፣ ይህን ቋንቋ ወደ መኪናው ቋንቋ እየመለሰ በፍጥነት የሚያስኬድ ቪ8 የተባለ ሞተር ጨምሮ አወጣ። በሚከተለው ዓመት ራያን ዳል ይህንኑ ሞተር ከማሳያው ነጥሎ፣ ፋይል የሚያነብበትንና ከመረብ ጋራ የሚገናኝበትን መሣሪያ ጨምሮለት ኖድን ሠራ። እንዲህ ያለውን የሞተርና የመሣሪያ ጥምር ነው ማስኬጃ የምንለው። ዳል ራሱ በ2018 በበርሊን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ በኖድ የሚጸጸትባቸውን ነገሮች ቈጥሮ፣ ዴኖ የተባለውን ሌላ ማስኬጃ አስተዋወቀ። በ2023 ደግሞ የጃሬድ ሰምነር ሥራ የሆነው ቡን ቍጥር 1.0 እትሙን አወጣ፤ ይኸውም ቪ8ን ትቶ የአፕልን ሞተር ጃቫስክሪፕትኮርን የመረጠ ነው። ሦስቱ ከተፎካከሩ ወዲህ የእያንዳንዳቸው መግለጫ በፍጥነት ቍጥር መከፈቱ ልማድ ሆኗል። ፉክክሩ ለተጠቃሚው መልካም ነው፤ ሒሳችን የሚያተኩረው ቍጥሩ ምን እየሸፈነ እንደሚያልፍ ላይ ነው።

የነገራችን ዋና ማስረጃ በጁላይ 2017 በኖድ ላይ የታወጀው የደኅንነት እርማት ነው። እርሱን ለመረዳት ቪ8 ስሞችን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ይገባል። የቤተ መጻሕፍት የካርድ መሳቢያዎችን እናስብ። አንድ ስም ሲመጣ በአንድ የሒሳብ ደንብ ወደ ቍጥር ይለወጣል፤ ቍጥሩም ስሙ በየትኛው መሳቢያ እንደሚገባ ይወስናል። ይህ አቀማመጥ ሐሽ ሠንጠረዥ ይባላል። ስሞቹ በየመሳቢያው ተበታትነው ሲገኙ ፈላጊው አንዱን ብቻ ከፍቶ የሚሻውን ወዲያው ያገኛል። ነገር ግን ደንቡን አስቀድሞ የሚያውቅ ተንኮለኛ፣ ሁሉም በአንድ መሳቢያ የሚወድቁ ስሞችን አሰባስቦ የላከ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ አዲስ ስም ከቀደሙት ሁሉ ጋራ መተያየት ግድ ይሆንበታል። መቶ ሺህ ስሞች በዚህ አኳኋን ቢላኩ የማስተያየቱ ሥራ ወደ 5 ቢሊዮን ጊዜ ይደርሳል። ኖድ ደግሞ የጃቫስክሪፕቱን ሥራ በተለመደው አሠራር በአንድ ሰልፍ የሚያስኬድ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ተንኮል የቀሩትን ተጠቃሚዎች ሁሉ ደጅ ያስጠናቸዋል።

ይህ አደጋ አዲስ ነገር አልነበረም። ስኮት ክሮዝቢና ዳን ዋላክ በ2003 በጽሑፍ አስረድተውት ነበር፤ ሰሚ ያገኘው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ2011 መጨረሻ በበርሊን በተደረገ ጉባኤ ላይ አያሌ ቋንቋዎች ለዚሁ የተጋለጡ መሆናቸው በተግባር ታየና ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመሳቢያው ደንብ ውስጥ ማስኬጃው በተነሣ ቍጥር በዕጣ የሚወጣ አንድ ምስጢራዊ መነሻ ቍጥር ማስገባት ነው። መነሻ ቍጥሩን የማያውቅ ሰው የትኞቹ ስሞች እንደሚገናኙ ሊያሰላ አይችልም። ቪ8ና ኖድም በ2012 ይህን አደረጉ። ነገሩ ተዘጋ ተባለ።

ከዚያ በኋላ የፍጥነት ጥያቄ መጣ። ቪ8 ሲነሣ የሚያሰናዳቸው ብዙ የውስጥ ዕቃዎች አሉ፤ እነዚህን በየጊዜው እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ፣ አንድ ጊዜ ተሰናድተው ሳሉ ያሉበትን ሁኔታ እንደ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥና በተነሣ ቍጥር ያንኑ መገልበጥ ጊዜ ይቈጥባል። ስሙም ስናፕሾት ነው። ዘዴው ብልህነት ያለበት ነው፤ ትርፉም እውነተኛ ትርፍ ነው። ሆኖም ከፎቶግራፉ ጋራ ያ ምስጢራዊ መነሻ ቍጥር አብሮ ተነሥቶ ኖሯል። ማስኬጃው ሲነሣ በዕጣ ያወጣው አዲስ ቍጥር ወዲያው በፎቶግራፉ ቍጥር ይተካል። ከዚህ የተነሣ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው የአንድ እትም ኖድ ሁሉ አንድ ዓይነት መነሻ ቍጥር የያዘ ሆነ፤ ያንን እትም አውርዶ የመረመረ ማንም ሰው ምስጢሩን ያገኘዋል። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት የኖድ እትሞች ሁሉ በዚህ ተነክተው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። የ2012ቱን እርማት ያፈረሰው ሰው የለም፤ ከፕሮግራሙ ውስጥም አንድ መስመር አልተሰረዘም። ዕጣው በየጊዜው ይወጣ ነበር፤ ውጤቱ ብቻ ይጣል ነበር። የእርማቱን ጽሑፍ ያነበበ መርማሪ ሁሉም በቦታው እንዳለ አይቶ ይረካል፤ የፍጥነቱን ጽሑፍ ያነበበም እንደዚሁ ይረካል። ጉድለቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። የእትም መግለጫ ደግሞ በሁለቱ መካከል ለሚገኝ ነገር የሚሆን ክፍል የለውም፤ ሒሳችንም በዋናው በዚህ ላይ ነው።

በጁላይ 2017 የተወሰደው እርምጃ ስናፕሾቱን ማጥፋት ነበር፤ ማለት ያን የተመሰገነ ትርፍ መልሶ ማስረከብ ነው። ቈይቶ ቪ8 መነሻ ቍጥሩን በአዲስ አውጥቶ ስሞቹን በየመሳቢያቸው እንደ ገና የሚደለድልበት ዘዴ ከተበጀ በኋላ፣ ስናፕሾቱ ተመልሶ ገባ። መፍትሔው እንግዲህ የፍጥነትን ሐሳብ ጨርሶ መተው አልነበረም። ትክክለኛውን ዋጋ ከፍሎ መውሰድ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በፈር ከሚባለው የኖድ ዕቃ ላይ የተወሰደ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው የዚህን ያህል ቦታ ስጠኝ ብሎ በቍጥር ሲጠይቅ፣ ኖድ ቦታውን ሳያጸዳ እንዳለ ይሰጠው ነበር። ማጽዳት ጊዜ ይፈጃልና። ቀድሞ በዚያ ቦታ የነበረው ነገር፣ የሌላ ሰው የይለፍ ቃልም ሊሆን ይችላል፣ እንዳለ ይቈያል። አደጋው የከፋው ደግሞ ይኸው አንድ ትእዛዝ ቃል ቢሰጡት ቃሉን የሚገለብጥ፣ ቍጥር ቢሰጡት ያልጸዳ ቦታ የሚያስረክብ በመሆኑ ነው። ከውጭ የመጣውን ነገር ቃል ነው ብሎ ያመነ ጸሐፊ፣ ተንኮለኛው በቃል ፈንታ ቍጥር የላከበት እንደ ሆነ፣ የመኪናውን የውስጥ ማስታወሻ ቈርሶ ይልክለታል። በ2016 መጀመሪያ በሰፊው በሚሠራባቸው ቤተ ፕሮግራሞች ላይ ይህ ጉድለት መኖሩ ታውቋል። በዚያው ዓመት ኖድ ትእዛዙን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ አጽድቶ የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ሳያጸዳ የሚሰጥ ሆነ። የሁለተኛውንም ስም «አሎክ አንሴፍ» አሉት፤ ደኅንነት የጐደለው አመዳደብ እንደ ማለት ነው። በ2017 በወጣው በስምንተኛው እትም ደግሞ የቀድሞው ትእዛዝ ራሱ ቦታውን በዜሮ ሞልቶ እንዲሰጥ ተደረገ፤ በዚህም ጥቂት ፍጥነት ጠፍቷል። እኛ በዚህ አሠራር ላይ ነቀፋ የለንም፤ እንዲያውም በዚህ ጽሑፍ ከምንጠቅሳቸው ሁሉ ምስጋና የሚገባው ይህ ነው። ፍጥነቱን የሚሻ ሰው ዛሬም ያገኘዋል፤ ነገር ግን የሚከፍለውን ዋጋ በትእዛዙ ስም ላይ ጽፎ ነው የሚወስደው።

በቅደም ተከተል መደርደር ረገድ የሆነው ደግሞ ለክርክር የሚመች ነው። ቪ8 እስከ 2018 ድረስ ከ10 የማይበልጥ ዝርዝር ሲመጣለት በአንድ ዘዴ፣ ከ10 ሲበልጥ ግን ፈጣን በሚባለው በኩዊክሶርት ይደረድር ነበር። የመጀመሪያው ዘዴ እኩል የሆኑትን ነገሮች የቀድሞ ተራቸውን ያስጠብቃል፤ ሁለተኛው አያስጠብቅም። የተማሪዎችን ስም በፊደል ተራ ደርድሮ፣ ቀጥሎ በማርክ የደረደረ ሰው፣ አንድ ዓይነት ማርክ ያላቸው በፊደል ተራቸው እንደሚቈዩ ይጠብቃል። በ10 ተማሪዎች ቢሞክረው እንደ ጠበቀው ይሆንለታል። በ11 ተማሪዎች ግን ስሞቹ ሊዘበራረቁ ይችላሉ። ሙከራን በትንሽ ዝርዝር ማድረግ የሁላችንም ልማድ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ወሰን እንዴት ያለ ወጥመድ እንደ ነበረ ግልጽ ነው።

ይህ ስሕተት ነው ወይስ አይደለም? የቋንቋው ደንብ ያን ጊዜ ተራ መጠበቅን ስላላስገደደ፣ በሕጉ ቃል ቪ8 ጥፋተኛ አልነበረም፤ ደንብ የሚፈቅደውን ፍጥነት መርጧል። ይሁንና ፋየርፎክስን የመሰሉ ሌሎች ማሳያዎች ተራውን ይጠብቁ ስለ ነበር፣ አንዱ ፕሮግራም በአንዱ ዘንድ ትክክል፣ በሌላው ዘንድ የተዛባ ሆኖ ይታይ ነበር። በ2018 ቪ8 በሰባተኛው እትሙ ቲምሶርት ወደተባለው ዘዴ ተሻገረ፤ ይህ ዘዴ ቲም ፒተርስ በ2002 ለፓይተን ያበጀው ሲሆን ተራን ይጠብቃል፤ በሚሠራበት ጊዜ ግን ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ኖድም በዚያው ዓመት በወጣው በ11ኛው እትሙ ተቀበለው። በ2019 የቋንቋው ደንብ ራሱ ተራ መጠበቅን ግዴታ አደረገ። ለዚህ ለውጥ በመግለጫ ውስጥ የትኛው ክፍል ይገባዋል? እርማት እንዳይባል ቀድሞ የተጣሰ ደንብ አልነበረም፤ የፍጥነት ማሻሻያ እንዳይባልም የለውጡ ዋና ምክንያት ፍጥነት አይደለም። ሁለት መሳቢያ ብቻ ያለው መግለጫ ሦስተኛውን ነገር የሚያስቀምጥበት ያጣል።

በዚህ ላይ የሚነሣብን ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ሠሪዎቹ ጥፋታቸውን አልደበቁም፤ የ2017ቱ የደኅንነት ማስታወቂያ መንሥኤው ስናፕሾቱ መሆኑን በግልጽ ቃል ጽፏል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ መካድም ግፍ ነው። ነገር ግን ያ ቃል የተጻፈው ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ፣ በሌላ ወረቀት ላይ፣ ለሌላ አንባቢ ነው። ስናፕሾቱ ሲገባ ግን ምን ምን ነገር ከፎቶግራፉ ጋራ አብሮ እንደሚነሣ መጠየቅ የነበረበት አንባቢ፣ ማስኬጃው ቶሎ ይነሣል ከሚለው በቀር ለጥያቄ የሚያነሣሣው ነገር አልነበረውም።

ፍጥነትን ስለሚለካው ቍጥርም ጥቂት እንበል፤ በኮሌጃችን ተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ማስኬጃን ከማስኬጃ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ማቅረብ እየበዛ ነውና። ጉግል በ2012 ኦክቴን የተባለ የፍጥነት መፈተኛ አውጥቶ ነበር። ሞተር ሠሪዎቹ ሁሉ በእርሱ ተወዳደሩ። በኤፕሪል 2017 ግን የቪ8 ሠራተኞች ራሳቸው ኦክቴንን በቃህ አሉት፤ ሞተሮቹ ለዚያ ፈተና ብቻ እየተቃኙ መሄዳቸውንና አንዳንዱ ቅኝትም በእውነተኞቹ ድረ ገጾች ላይ ጕዳት ማድረሱን ገልጠው ነበር። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ጥያቄ ብቻ የሚሸመድድ ተማሪ ለማናችንም እንግዳ ስላይደለ፣ ነገሩን ማስፋት አያስፈልግም።

የዚያኑ ዓመት ሌላ ለውጥ ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። ክራንክሻፍት የተባለው የቪ8 የቀድሞ አቀነባባሪ፣ ስሕተትን የሚይዘው «ትራይ ካች» የተባለው ዐረፍተ ነገር በውስጡ የተገኘበትን ሥራ ሁሉ ከማፋጠን ይተወው ነበር። ከዚህ የተነሣ «ለፍጥነት ስትል ትራይ ካችን ሽሽ» የሚል ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይነገር ነበር፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ስሕተትን ለመያዝ የተበጀውን መሣሪያ ፍጥነት እንዳያጡ ሲሉ ያስወግዱ ወይም ዞር ባለ ስፍራ ይደብቁ ነበር። በ2017 ቱርቦፋን የተባለው አቀነባባሪ ቦታውን ሲወስድ ይህ ገደብ ጠፋ። ኖድም ከ8.3 እትሙ ጀምሮ በዚሁ ይሠራል። ይህ የፍጥነት ማሻሻያ ትክክለኛነትን ያገዘበት ጊዜ ነው፤ ምክሩ ግን ከነምክንያቱ ሞቶ ሳለ እስከ ዛሬ በአንዳንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቀስ እናየዋለን። ለየትኛው ሞተርና ለየትኛው እትም እንደ ተነገረ አብሮ ያልተጻፈ ምክር ዕድሜው ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። በጥናት ጽሑፎቻችን ሠንጠረዦች ላይም የማስኬጃው ስም ብቻ ሰፍሮ የእትሙ ቍጥር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከላይ ባየነው ታሪክ መሠረት የሐምሌውን እርማት የተቀበለ ኖድና ያልተቀበለ ኖድ በመነሻ ፍጥነት ሲወዳደሩ፣ ያልተቀበለው ቢበልጥ የሚያስገርም አይሆንም።