ለኦፓል መጋዝ ስቴፐር ይበቃል

«ጋሼ፣ ለመጋዙ መግፊያ ስቴፐር ሞተር ልግዛ ወይስ ሰርቮ?» ብሎ አንድ አዲስ ተመራቂ ጠየቀኝ። ልቡ ወደ ሰርቮ አድልቷል። ብረት ለሚቆርጥ ፍሬዛ ቢሆን እሺ እለው ነበር፤ ሰርቮ ሲፈጥንም ጉልበት አያንሰውም፣ ኢንኮደሩ የደረሰበትን ስለሚነግረው ስህተቱን ያርማል። ስቴፐር በተለምዶ በዙር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይደክማል፣ እርምጃ ቢዘልም አያውቅም። ሰው ሁሉ የሚያማው በዚህ ነው። እኔ ለደላንታው የወገል ጤና ኦፓል የምመርጠው በዚሁ ባሕርዩ ነው።

የደላንታ ኦፓል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። የአልማዝ ዲስኩ ከኦፓሉ ወደ እናት ድንጋዩ ሲሻገር ጥንካሬው ድንገት ይለወጣል፤ ዲስኩ ይያዛል። ሰርቮ ወደኋላ መቅረቱን ሲያውቅ ከረንት ይጨምራል፤ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ድረስ ሊገፋ ይችላል። ዲስኩ ይጎብጣል፣ ድንጋዩ ይግላል፣ ኦፓሉ ላይ የጸጉር ስንጥቅ ይወጣል። «ቶርኩን ገድበው» ይሉኛል። መገደብ ይቻላል፤ ግን ለዚያ ስል ኮምፒውተር ተክዬ ቁጥር ስነካካ አልውልም። ለስቴፐር በድራይቨሩ ስዊች ከረንቱን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ሲያቅተው ይቆማል። ስለ ልከኝነትም አትጨነቁ፦ በዙር 5 ሚሊሜትር በሚገፋ ስክሩ አንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ነው፤ ዲስኩ ራሱ ከዚያ ይወፍራል። የተዘለለውን እርምጃ መነሻው ላይ መልሼ ዜሮ አደርገዋለሁ።

ደግሞም የእኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ማቀዝቀዣው ውሃ ሲገባበት እንደ መስታወት ይጠራል፣ የቀለሙ ጨዋታ እስኪደርቅ ድረስ ይጠፋል። ስለዚህ መጋዙ ላይ ዓይን ብዙ አይረዳም፤ የምሠራው በጆሮ ነው። ስቴፐር እርምጃ ሲስት ድምፁ ያስታውቃል፤ ያጉረመርማል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ እጄም ማጥፊያው ላይ ነው። ሰርቮ ግን ገደቡ እስኪደርስ ዝም ብሎ ይገፋል።

የወገል ጤና ኦፓል እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ከታወቀ ወዲህ የአገሬ ልጆች ገደል ላይ ተንጠልጥለው፣ በእጅ በቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ተኝተው ያወጡታል። ዋሻ ተደርምሶባቸው የቀሩ አሉ። እንዲህ የመጣን ድንጋይ በሞተር ጉልበት መሰንጠቅ አንጀቴ አይችልም። ድንጋይ ይዞ የመጣን ቆፋሪ አጠገቤ አቆመዋለሁ። ድምፁ ሲለወጥ እሱም ይሰማል፤ «አቁመው!» ካለኝ አቆማለሁ።