«በቀን ሁለት ጊዜ»፦ በስኳር ሕመም እንክብሎች ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ ሲመረመር

ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንክብል የታዘዘለት ሰው ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም። «ሜትፎርሚን 500 ሚ.ግ.፣ አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ»፤ «ግሊቤንክላማይድ 5 ሚ.ግ.፣ ጠዋት አንድ ፍሬ»። በምርመራ ክፍል በቃል የተነገረው ምክር በወረፋው ግርግር ሊረሳ ይችላል፤ ይህ መስመር ግን እስከ ታካሚው ቤት ይዘልቃል። ስለሆነም እንደ ማንኛውም የሙያ ጽሑፍ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል።

በቅድሚያ ጥንካሬውን መናገር ተገቢ ነው። አጭር ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባል ሁሉ ይረዳዋል፤ መጠኑንም በቁጥር ለይቶ ያሳያል። ለአንዳንድ መድኃኒቶች ይህ ይበቃ ይሆናል። ለስኳር እንክብሎች ግን አይበቃም።

የመጀመሪያው ጉድለት ቁጥሩን ሲናገር ማዕዱን መዘንጋቱ ነው። ሜትፎርሚን በዋነኛነት ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ ብቻውን ሲወሰድ የደም ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንድ ነው። ከምግብ ጋር እንዲወሰድ የሚመከረው የማቅለሽለሽና የተቅማጥ ጠባዩን ለማለዘብ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ሰውየው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነሣሣል። እንክብሉ ተውጦ ምግቡ ከዘገየ የደም ስኳር ያለ ከልካይ ይወርዳል። አንዱ መድኃኒት ያለ ምግብ ሲወሰድ ሆድ ይረብሻል፤ ሌላው ራስን ያስታል። በከረጢቱ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቋንቋ ተጽፈዋል።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አንዲት የ68 ዓመት እናት ለአብነት ይወሰዱ። «ጠዋት አንድ ፍሬ» የሚለውን ትእዛዝ አክብረው ከቅዳሴ በፊት እንክብሉን በውኃ ይውጣሉ። ከቀትር በፊት ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ንግግራቸው ይቃወሳል፤ በመጨረሻም ራሳቸውን ስተው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳሉ። በካርዳቸው ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰዱም» ተብሎ ቢጻፍ ፍርዱ የተዛባ ነው። እኚህ እናት የተጎዱት ትእዛዙን በመጣሳቸው ሳይሆን በመፈጸማቸው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ትእዛዙ የዕድሜንና የኩላሊትን ልዩነት አለማወቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊክላዛይድን አስፍሮ፣ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ አስታውቋል። የግሊቤንክላማይድ ውላጆች ራሳቸው የደም ስኳር የማውረድ ኃይል ስላላቸውና በከፊል በኩላሊት ስለሚወገዱ፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ጉዳቱ ይራዘማል። ሜትፎርሚንም የኩላሊት የማጣራት መጠን በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ መሰጠት የለበትም። በየወሩ ያው መስመር እየተገለበጠ ሲጻፍ ግን የክሪያቲኒን ምርመራ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተደረገ የሚጠይቅ አይገኝም።

ሦስተኛው ጉድለት ዝምታው ነው። ታካሚው አንድ ጊዜ ቢረሳ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት ፍሬ መውሰድ እንደሌለበት፣ ቢያስመልሰው ወይም ብርቱ ተቅማጥ ቢይዘው ሳይዘገይ ሐኪም ማማከር እንዳለበት አይናገርም። ኮትራይሞክሳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲወሰዱ የደም ስኳርን አብዝተው ሊያወርዱ እንደሚችሉ፣ ፕሮፕራኖሎልም የልብ ምትንና መንቀጥቀጥን ሸፍኖ ማላብን ብቻ ሊያስቀር እንደሚችል ለማስታወስ ስፍራ የለውም።

«ወረፋው ረዥም፣ ባለሙያው ጥቂት ነው» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን «ጠዋት አንድ ፍሬ» በሚለው ፈንታ «ቁርስ ሲቀርብ አንድ ፍሬ፤ ቁርስ ከሌለ አይወሰድም» ብሎ መጻፍ የሚጠይቀው ጥቂት ሰከንዶችን ነው። «ካላበዎትና ከተንቀጠቀጡ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፤ ከዚያም ምግብ ይብሉ» የሚል ሌላ መስመር በከረጢቱ ጀርባ ቢታተም ወጪው ኢምንት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም እንዳይሰጥና ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም እንዲወሰድ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። እንዲህ ያለው ታካሚ ቢነቃም ወዲያው ወደ ቤቱ መሸኘት የለበትም፤ የግሊቤንክላማይድ ኃይል ለሰዓታት ስለሚቆይ ስኳሩ ዳግም ሊወርድ ይችላልና።

ጾምን በሚመለከት መፍትሔው መከልከል ብቻ አይደለም። ታካሚው ከሐኪሙ ሸሽጎ እንዳይጾም ጥያቄው አስቀድሞ ሊነሣ ይገባል። ለረመዳን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ የሚደረገው ግምገማ ለሑዳዴም መልካም አርአያ ነው። ሕመምተኛ ከጾም እንዲታቀብ ሁለቱም ሃይማኖቶች ስለሚፈቅዱ፣ የንስሐ አባትና ኢማም የሕክምናው አጋዦች ሊሆኑ ይችላሉ።

«በቀን ስንት ጊዜ ይወስዳሉ?» ለሚለው ጥያቄ ታካሚው ትክክለኛ መልስ ቢሰጥም፣ በደኅና መውሰዱን አያረጋግጥም። ከእርሱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «በቀን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓትስ ይመገባሉ?» የሚለው ነው። የእንክብሉ ትእዛዝም በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ሊጻፍ ይገባል።