ወንዙስ አማረ፣ ወንድምስ?

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ከነመንጠቆ ዘንጉ ወደ ኦክላንዱ ማክሬይ ፓርክ አደረስሁ። እዚያም ሰዎች ገንዳ ዳር ቆመው፣ ከላባና ከክር የተቋጠረች የውሸት ዝንብ ሲወረውሩ አይቼ ተገረምሁ። ለካ ልምምድ ነው! ሰውየው «ጥበቡ እንዲገባህ ፊልሙን እይ» አለኝ፤ ሮበርት ሬድፎርድ ከኖርማን ማክሊን መጽሐፍ ወስዶ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኤ ሪቨር ረንስ ስሩ ኢት» ማለቱ ነበር።

ፊልሙ ያምራል፤ ለቀረጻውም ኦስካር ተሸልሟል። በሞንታና የሚኖሩ ሰባኪ አባት ለሁለት ልጆቻቸው የመንጠቆ አወራወር በምት እየቆጠሩ ያስተምራሉ። አስተማሪ ስለ ነበርሁ ይህ ክፍል ልቤን ነካው። ታናሹ ፖል በወንዙ ላይ አቻ የለውም፤ በከተማው ግን መጠጥና ቁማር ይዘውታል። ታላቁ ኖርማን በሌሊት ሄዶ ከፖሊስ ጣቢያ ያመጣዋል፤ ኋላም አብረን ወደ ቺካጎ እንሂድ ይለዋል። ፖል እምቢ ይላል፤ በመጨረሻም ተደብድቦ ይገደላል።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ለዓሣው ብዙ ጊዜ ሰጥቶ ለወንድማማቾቹ ንግግር ይሰስታል፤ ዕዳው ሲነሣ ካሜራው ወደ ወንዙ ይሸሻል። ዝምታው ራሱ ነው ቁም ነገሩ የሚል ይኖራል፤ ሆኖም ዝምታ ሲያምር ያስፈራኛል።

እኛስ? ወንድማችን በቁማር ቤት እንደሚያድር እያወቅን በይሉኝታ ዝም እንላለን፤ ሲሞት ግን አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ለማዋጣት የሚቀድመን የለም። እኔም አንድ ወዳጄን ስንት ሌሊት ከቁማር ቤት በር ወደ ቤቱ አድርሻለሁ፤ መንገዱን ሙሉ የምናወራው ስለ ኳስ ነበር።

ፊልሙን ብታዩት አትጸጸቱም። እኔ ካየሁት በኋላ ወዳጄን ስለ ዕዳው ጠየቅሁት። ተቆጣኝ። አሁንም እጠይቀዋለሁ።