ሥርዓት ያለው ምሕረት፦ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የአገልግሎት መንገድ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1617 ቪንሰንት ደ ፖል በፈረንሳይ የሻቲዮን ከተማ ቆሞስ ነበር። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ከከተማዋ ወጣ ባለ ቤት አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ አስታማሚ ማጣቱን ሰማ። ነገሩን በስብከቱ አነሣው። ከሰዓት በኋላ ሊጠይቃቸው ሲሄድ መንገዱ ምግብ ይዘው በሚመላለሱ ምእመናን ተሞልቶ አገኘው። ደስ አለው፤ ግን ሐሳብም ገባው። ያ ሁሉ ምግብ ባንድ ጊዜ አያልቅም፤ የተረፈው ይበላሻል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቤተሰቡ ተመልሶ ይራባል።

ስለ ካቶሊካዊ ምሕረት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የልብ ርኅራኄ ነው። የሻቲዮን ሕዝብ ርኅራኄ አልጎደለውም፤ የጎደለው ተራ፣ ኀላፊነትና ዘላቂነት ነበር። ቪንሰንት ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተው ትልቁ ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ርኅራኄን የዕለት ተዕለት ሥራ ማድረጉ ነው።

በዚያው ዓመት ለደብሩ ሴቶች የፍቅር ሥራ ማኅበር የጻፈው ደንብ ይህን በግልጽ ያሳያል። ደንቡ ስለ ፍቅር በጥቅሉ ተናግሮ አያበቃም። ተረኛዋ ምሳውን ራሷ ታዘጋጃለች፤ ታማሚውን በደስታና በፍቅር ሰላም ትላለች፤ ማዕዱን ታሰናዳለች፤ እጁን ታስታጥባለች፤ ትጸልያለች፤ ሥጋውን ትቆርጥለታለች። ታማሚዎቹ ብዙ ከሆኑ አስታማሚ ካላቸው ትጀምራለች፤ ብቸኞቹን መጨረሻ ላይ ታደርጋለች፤ ከእነርሱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እንድትችል። የደንቡ ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተራው የወጣው ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ ሳይሆን፣ ሰው የሌለው ሰው እንዲያገኝ ነው።

ደንብ ብቻውን ግን አልበቃም። ማኅበሩ ወደ ፓሪስ ሲስፋፋ አንዳንድ ባለጸጋ ሴቶች ድሆችን ራሳቸው ማገልገሉ ከብዷቸው ሠራተኞቻቸውን ይልኩ ጀመር። ክፍተቱን የሞላችው የሱሬኗ ላም ጠባቂ ማርጌሪት ናዞ ናት። ማንበብን በራሷ ጥረት ተምራ ሌሎችን ያስተማረች ይህች የገጠር ልጅ በ1630 ወደ ፓሪስ መጥታ ለድሆች አገልግሎት ራሷን ሰጠች። በ1633 በወረርሽኝ የተያዘችን ሴት በገዛ አልጋዋ አስተኝታ በዚያው በሽታ ሞተች። በዚያው ዓመት ኅዳር 29 ቀን የቪንሰንት የሥራ አጋር ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጥቂት የገጠር ልጃገረዶችን በቤቷ ሰበሰበች፤ የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበርም ተመሠረተ።

በዘመኑ መነኮሳይያት ከገዳም ቅጥር እንዳይወጡ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ያስገድድ ነበር። ቪንሰንትና ሉዊዝ ግን እኅቶቹ በድሆች ቤትና በጎዳና እንዲመላለሱ በመፈለጋቸው ማኅበሩን ከዚያ ሕግ ውጭ አቋቋሙት፤ እኅቶቹም እስከ ዛሬ ቃል ኪዳናቸውን በየዓመቱ ያድሳሉ። በጸሎት ሰዓት ድኻ ከጠራ ተነሥቶ መሄድ ከእግዚአብሔር መራቅ እንዳልሆነም ቪንሰንት አስተምሯቸዋል።

ይህ መንገድ የራሱ ወሰን ነበረው። ቪንሰንት የታመመውን ተንከባከበ፤ ድኻውን ያደኸየውን ሥርዓት ግን ከሥሩ አልሞገተም። ድኻው ለምን ደኸየ የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ያነሣው በ1833 በፓሪስ ከጓደኞቹ ጋር በቪንሰንት ስም የሚጠራውን ማኅበር የመሠረተው ፍሬዴሪክ ኦዛናም ነው። በእርሱ አመለካከት በጎ አድራጎት ቁስልን ያክማል፤ ቁስሉ እንዳይደርስ መከላከል ግን የፍትሕ ድርሻ ነው። ኦዛናም ወደዚህ የደረሰው የድሆችን ደጅ እየረገጠ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ውርሱ ወደ እኛም ደርሷል። በ1839 ዓድዋ የገባው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ አቡነ ያዕቆብ፣ ቪንሰንት ራሱ የመሠረተው የሚስዮናውያን ማኅበር ልጅ ነበር። የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሶ ከሕዝቡ ጋር ኖሯል፤ በ1860 ያረፈውም በጉዞ ላይ ሳለ ነው።

እንግዲህ አንድ ደብር ምሕረቱን ሲመረምር በበዓል ቀን ያከፋፈለውን ብቻ መቁጠሩ አይበቃውም። ተረኛው ማን ነው? ብቸኛው ታማሚ ስንት ጊዜ ይጠየቃል? ለምንስ ብቻውን ቀረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ደብር እምነቱን በሥራ እየኖረ ነው።